ጓደኛ ሳትጠብቂ ሐረር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ለምትወጣ

ከጓደኞችሽ ጋር "እንሂድ" የተባባላችሁበት ጉዞ መቼም አይሞላም። አንዷ ፈቃድ አጣች፣ የአንዷ ልጅ ታመመ፣ አንዷ ደግሞ "ደሞዝ ይውጣና" አለች። እኔ ሐረርን ያየሁት መጠበቅ ሲሰለቸኝ ብቻዬን ሄጄ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ አዲስ አበባ ቢሮ ውላ ቤቷ ለምትገባ ሴት ነው። ወንዶችም አንብቡት። ግማሹ ለእናንተም ይሠራል፤ ግማሹ ደግሞ እህቶቻችሁ መንገድ ሲወጡ ምን ምን እንደሚያስቡ ይነግራችኋል።

ለመጀመሪያ ጉዞ የሚያምር ቦታ ብቻ አትፈልጊ፤ በእግር የሚያልቅ ቦታ ፈልጊ። ሐይቅ ዳር ሪዞርት ብቻሽን ብትሄጂ ዙሪያሽን ጥንዶች ይሞሉታል፤ መኪና ከሌለሽ ደግሞ ከግቢው አትወጪም። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር፣ ግን የግንቡ ዙሪያ ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ነው። ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ውስጡ ጠባብ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። መጥፋትሽ አይቀርም። ግን ቁልቁል ከወረድሽ ግንቡ ጋ ትደርሻለሽ፤ ግንቡን ይዘሽ ከሄድሽ ደግሞ አንዱ በር ላይ ትወጫለሽ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ሐረር በር የሚባለው መኪና የሚገባበት፣ ኋላ የተጨመረው ነው። ስማቸውን ያዢ፤ "ሸዋ በር በየት ነው?" ማለት ካርታ ከማየት ይፈጥናል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። እናትሽ።

"ልሂድ ወይ?" ብለሽ አትጠይቂ። ትኬት ቁረጪና "ቅዳሜ ልሄድ ነው" በያት። የእኔ እናት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ምን ሆንሽ?" ብላ ነው። እውነቷን ነው። በኛ ቤት ሰው ብቻውን የሚሄደው ወይ ለፀበል፣ ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ተጣልቶ ነው። "ልዝናና ነው" ስላት "ከማን ጋር?" አለች። ይህን ጥያቄ በክርክር አትመልሺው፤ በመረጃ መልሺው። የማረፊያውን ስምና ስልክ ጽፈሽ ስጫት። የምትደውይበትን ሰዓትም ተስማሙ፤ ጠዋት ስትነሺና ማታ ክፍልሽ ስትገቢ። ከዚያ ውጭ ባትደውይ እንዳትደነግጥ ንገሪያት። በዚህ የተስማማች እናት ማታ ዳቦ ቆሎ ስታስቋጥርሽ ታገኚያታለሽ።

አካሄዱ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ሂጂ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአውቶቡስ ግን ቀኑን ሙሉ ትጓዣለሽ፤ ከመነሳትሽ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን በቅርቡ የሄደ ሰው መጠየቅ አለብሽ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ ነው። የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከቆላ ደጋ ነክ አየር ትገቢያለሽ። የመስኮት ወንበር ያዢ። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ይዞ ታይዋለሽ፤ ከዚያ አወዳይ፣ የጫት ገበያው ግርግር፣ ከዚያ ሐረር።

ሻንጣሽ አንድ ይሁን፣ ትከሻሽ ላይ የሚንጠለጠል። ብቻሽን ስትሆኚ መናኸሪያ ሽንት ቤት ስትገቢ "ይቺን ያዥልኝ" የምትያት የለችም። መታወቂያሽን አትርሺ፤ ኬላ ላይም ማረፊያ ስትይዢም ትጠየቂያለሽ። ነጠላ ወይም ሻሽ ያዢ፤ ፀሐይ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አዋች (የአውሊያ መቃብር) ጋ ስትገቢ ይጠቅምሻል። ቴሌብር ቢኖርሽም ዝርዝር ብር ያዢ።

ማደሪያ ላይ አትቆጥቢ፣ ግን ትልቅ ሆቴልም አይደለም የምልሽ። ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ባህላዊ ቤት እንግዳ የሚያሳድሩ አሉ። ጫማሽን አውልቀሽ ትገቢያለሽ፤ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው መደብ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎበታል፤ ግድግዳው ላይ በቀለማት የተሰፋው ስፌት ተደርድሯል። የምታሳድርሽ ብዙ ጊዜ የቤቱ እናት ነች። መምሸትሽን የሚያስተውል ሰው አለ ማለት ነው፤ ለብቻ መንገደኛ ከዚህ የበለጠ ጥበቃ የለም። ሌላ ቦታ ካረፍሽ ከመክፈልሽ በፊት ክፍሉን እዪ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? መጠጥ ቤቱስ ከሥሩ ነው? ሁለተኛውን ካልጠየቅሽ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ስትሰሚ ታድሪያለሽ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አስጎብኚ ያዢ፣ ግማሽ ቀን ብቻ፣ ዋጋውን አስቀድመሽ ተስማምተሽ። የራምቦ ቤትን ያሳይሽ (ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሐረር መኖሩ እውነት ነው፤ እዚያ ቤት መኖሩ ግን ያከራክራል፤ የድሮ ሐረር ፎቶዎቹ ብቻ ለመግባት ይበቃሉ)። ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየምም። ከሰዓት በኋላ አመስግነሽ ሸኚው። ጉዞሽ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ከጓደኞች ጋር ስትሄጂ ወሬሽ አዲስ አበባ ነው። ሐረር ቆመሽ ስለ አለቃሽ ታወሪያለሽ። ፎቶ፣ ምሳ፣ "በቃ እንሂድ"። ብቻዬን ስሆን መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱን ይዘው የሚሰፉበት ጋ፣ ጨርቅ ገዝቼ ቀሚስ አሰፋሁ። ሰፊው "እስክጨርስ ዞር ዞር በይ" አለኝ፤ እኔ ግን በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ከሰዓቱ እዚያው አለቀ። አንዷ ደንበኛ ከሰፊው ጋር በሐረሪ ትከራከራለች፣ ከጎረቤቱ ጋር በኦሮምኛ ትቀልዳለች፣ ወደ እኔ ዞራ ደግሞ "እጅጌው አላጠረም?" ትላለች በአማርኛ። ማንም "ሰለቸኝ" አላለኝም። ምንም ሳልሠራ መዋሌን የምነግረውም ሰው አልነበረም፤ ይህ ደስታ እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ በርጩማ ላይ ነው።

ምግብ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባልን ላደግን ሰዎች ምግብ ቤት ብቻ መቀመጥ ከመንገዱ ሁሉ ይከብዳል። አስተናጋጁ "ስንት ናችሁ?" ሲልሽ ወገብሽን ቀና አድርገሽ "አንድ" በዪ። በቁርስ ጀምሪ፤ ጠዋት ሁሉም ሰው ቸኩሎ ስለሆነ የሚያይሽ የለም። ፉል ወይም ፈጢራ እዘዢ። ምሳ ላይ ጥግ አትያዢ፤ ጥግ የያዘች ሴት ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች። ወደ ወጥ ቤቱ ቅረቢ፤ ሴቶቹ ያወሩሻል። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። እንግዳ ቤትሽ ውስጥ ሆጃ ከቀረበልሽ እንዳትመልሺ፤ ከቡና ተክል የሚዘጋጅ፣ በወተት ተፈልቶ ጨው ጣል የሚደረግበት መጠጥ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ግራ ያጋባል፣ ሦስተኛው ያስለምዳል። ሂሳብ ደግሞ ምግቡ እንደመጣ ክፈዪ። አጠገብሽ ያለው ሰውዬ "እኔ ልክፈልልሽ" ብሎ ወሬ ሲጀምር "ተከፍሏል" ብለሽ ትዘጊዋለሽ።

"ባለቤትሽስ?" የሚል አይጠፋም። ክፋት የለውም አብዛኛው፣ ግን ለሁሉም የሕይወት ታሪክሽን መንገር የለብሽም። "ማታ ይደርሳል" በዪ። ለእንዲህ ያለ ውሸት ንስሐ የምትገቢ ከሆነ "እህቴ እዚህ አለች" በዪ፤ ያሳደረችሽ ሴትዮ እስከዚያ ድረስ እህትሽ ሆናለች።

ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ብቸኝነቱ ይመጣል። ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፣ አንቺ ክፍል ነው የምትገቢው። ያን ሰዓት ባዶ አትተዪው። ጅብ ሲበላ ማየቱን ለዚህ ሰዓት አቆዪው፤ ሲጨልም ከግንቡ ውጭ ሰዎች ሥጋ ይዘው ጅቦቹን ያበላሉ። ባጃጅ ደርሶ መልስ ተስማሚ፣ ሹፌሩ እዚያው ይጠብቅሽ። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ላይ አድርገው እንድታበዪ ይጋብዙሻል። ጅቡ ፊትሽ ላይ ሲተነፍስ ስለ ብቸኝነት አታስቢም።

ስትመለሺ በረራሽን ከሰዓት አድርጊውና ድሬዳዋ ግማሽ ቀን ቆዪ። የከዚራ ሰፈር ጥላው ጥሩ ነው፤ የድሮውን ባቡር ጣቢያ አይተሽ ከዛፎቹ ሥር መሄድ ትችያለሽ። ገበያ ካማረሽ ባጃጅ ይዘሽ ከፊራ ውረጂ፣ ግን ከረፋዱ በፊት፤ በኋላ ሙቀቱ አያስኬድም። ሽማግሌው ሳይቀር "አንቺ" ይልሻል፣ አንቺም "አንተ" ብትይው አይቀየምም። "አቦ ተቀመጪ!" ካለሽ ጊዜ ካለሽ ተቀመጪ፣ ከሌለሽም ለአየር ማረፊያው ባጃጁን እሱ ይጠራልሻል።