«አማራጭ ትምህርት ቤት ይግባ» ሲሏችሁ፦ ዲሲ ላላችሁ ወላጆች

ከትምህርት ቤት ተደውሎ «ልጃችሁ ክሬዲት (ትምህርቱን ሲያልፍ የሚያዝለት ነጥብ) ስለጎደለው አማራጭ ትምህርት ቤት ቢገባ ይሻላል» ሲባል፣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ስልካችንን አውጥተን የትምህርት ቤቱን ስም እንፈልጋለን። እህቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ልጇ ከአዲስ አበባ በ16 ዓመቱ መጥቶ 9ኛ ክፍል አስገቡት፤ 19 ሊሞላው ሲል ለምረቃ ከሚያስፈልገው 24 ክሬዲት የያዘው 9 ብቻ ነበር። ማታ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በአራት ዓመት የሚመረቁትን ቁጥር አየችና «እዚህማ ልጄን አልጥልም» ብላ ደወለችልኝ። ያየችው ቁጥር ትክክል ነበር። የሚናገረው ግን እሷ የመሰላትን አልነበረም።

ይህን የምረቃ ቁጥር ቁጭ ብላችሁ አስቡት። አንድ ተማሪ መጀመሪያ 9ኛ ክፍል ከገባበት ዓመት ጀምሮ አራት ዓመት ይቆጠርበታል። ትምህርት ቤት ቢቀይርም ቆጠራው እንደ አዲስ አይጀምርም። እንደ ሉክ ሲ. ሙር እና ባሉ ስቴይ ያሉት የዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚቀበሉት በክሬዲት ወደኋላ የቀሩትን፣ አቋርጠው የተመለሱትን፣ ልጅ የወለዱትን፣ ሥራና ትምህርት አንድ ላይ የያዙትን ነው። ሦስት ዓመቱን ጨርሶ በ9 ክሬዲት የመጣ ልጅ፣ መምህራኑ የቱንም ያህል ቢለፉ በአራተኛው ዓመት አይደርስም፤ በስድስተኛው ዓመት ዲፕሎማውን ቢይዝ እንኳ በአራት ዓመቱ ቁጥር ውስጥ «አልተመረቀም» እንደተባለ ይቀራል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በላይ ያለውን የምረቃ ቁጥር ፈልጉ። ከዚያ ካውንስለሩን በቀጥታ ጠይቁ፦ እንደ ልጄ ዘግይቶ የገባ ተማሪ በአንድ ዓመት ስንት ክሬዲት ያገኛል? ስድስት ከተባላችሁና የጎደለው 15 ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው። ይህ ለእናንተ ከማንኛውም ፐርሰንት ይበልጣል።

ቀጥሎ «እነማን ናቸው የሚማሩት?» የሚለው አለ። የየትምህርት ቤቱ ቁጥሮች በሚወጡበት የዲሲ ስኩል ሪፖርት ካርድ ድረ ገጽ ላይ «አት ሪስክ» የሚል ፐርሰንት ታያላችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይደነግጣል። ቃሉ ዱርዬ ማለት አይደለም። ቤት የሌለው፣ በመንግሥት በኩል በአሳዳጊ እጅ ያለ (ፎስተር ኬር)፣ ቤተሰቡ የምግብ ድጎማ ወይም የገንዘብ እርዳታ ለማግኘት ብቁ የሆነ ልጅ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ሃይስኩል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከክፍሉ ዕድሜ አንድ ዓመት ከበለጠ ይበቃል። የእህቴ ልጅ ራሱ በዕድሜው ብቻ እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል።

በዘር የተከፋፈለው ሠንጠረዥ ለእኛ ብዙም አይረዳም፤ «ጥቁር» የሚለው ውስጥ እዚሁ ተወልዶ ያደገውም ትናንት ከቦሌ የተሳፈረውም አንድ ላይ ናቸው። እናንተ እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉትን ተማሪዎች መስመር ፈልጉ። ቁጥሩ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ለእነሱ የተመደበ መምህር እንዳለና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስተምር ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ደግሞ ማንም የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ተማሪዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ውጤታቸው ይደበቃል።

የፈተና ውጤቱ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ልጁ አሁን የት እንዳለ እንጂ ከየት እንደተነሳ አይነግራችሁም። መቅረትን ግን በደንብ እዩ። ከትምህርት ቀናት 10 ፐርሰንቱን የቀረ ተማሪ አብዝቶ እንደሚቀር ይቆጠራል፤ በ180 ቀን ሲሰላ 18 ቀን ነው። አማራጭ ትምህርት ቤቶች ላይ ይህ ቁጥር ከፍ ቢል አይግረማችሁ፤ ሌሊት ሲሠራ አድሮ በጠዋት ክፍል መግባት ቀላል አይደለም። ሰፈራችሁ ካለው መደበኛ ሃይስኩል ጋር ሳይሆን ከሌላ አማራጭ ትምህርት ቤትና ከራሱ ከአምናው ጋር አነጻጽሩት። ልጁ ሁለት ቀን ቢቀር ማን እንደሚደውልላችሁም ጠይቁ፤ የሚደውለውን ሰው ስም የሚነግራችሁ ትምህርት ቤት ጥሩ ምልክት ነው።

ለስብሰባው ስትሄዱ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የዲሲ ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብላችኋል፤ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጡት የክሬዲት ዲፕሎማ ይሁን የጂኢዲ (በክሬዲት ፋንታ በፈተና የሚያዝ የሃይስኩል ማረጋገጫ) ዝግጅት አጣሩ፤ ሁለቱ የተለያየ መንገድ ናቸው። 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትም ለዲፕሎማው እንደሚጠየቅ አትርሱ።

ከአገር ቤት ያመጣችሁትን ትራንስክሪፕት ደግሞ የግድ ይዛችሁ ሂዱ። ልጃችን አዲስ አበባ 9ኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር፣ እዚህ ሲመዘገብ ግን የጠየቀውም ያስገመገመለትም አልነበረም። ወረቀቱ ከሻንጣ ሥር፣ ከክትባት ካርዱ ጋር ተጣጥፎ ተገኘ። አስገምግመን 5 ክሬዲት ተያዘለት። እናንተ ጋ ከሌለ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ልጁ ድሮ ወደተማረበት ትምህርት ቤት ሄዶ ማኅተም ያለበትን ያውጣላችሁ፤ ከስብሰባው በፊት እንዲደርስ ዛሬውኑ ደውሉለት።