ሐረጎ ላይ ፓራፋንጎ የሚነካ ጎማ፦ ከፍ የተደረገ መኪና እንዴት ይስተካከላል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ይዘው መሪውን ሲያዞሩ ከፊት ጎማ በኩል ሽርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። መኪናው ከፍ ተደርጓል፣ ትልቅ ጎማም ገብቶለታል፤ ቆሞ ሲያዩት በጎማውና በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው አካል) መካከል እጅ ከነክንዱ ይገባል። ታዲያ ምን ነካው?

መኪና ከፍ ሲደረግ የሚጨምረው ቆሞ ሳለ ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ወይም ባሌስትራው (ተደራርቦ የታሰረው ዝርግ ብረት) ሲተኛ፣ ጎማው የሚደርሰው ድሮም ይደርስበት የነበረው ቦታ ነው፤ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ሥር ተቀምጦ የሚያቆመው ጥቁር ጎሚኒ አልተለወጠምና። ልዩነቱ አሁን የሚደርሰው ጎማ ትልቅ መሆኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይወርዳል፤ መሪው ደግሞ ዞሯል። ሐረጎ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያመጣቸው ችግሩ የሚጋለጠው እዚያ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ሄዶ «ትንሽ ጨምራችሁ ከፍ አድርጉልኝ» ማለት መፍትሔ አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ይህንኑ አድርጌ ድምፁ እንዳለ ቀረ፣ መሪው ግን በቀጥታ መንገድ ላይ መዋለል ጀመረ።

መጀመሪያ ጎማው ምን ያህል እንዳደገ ያስሉ። 265/70 አር 16 የሚል ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 285/75 አር 16 ደግሞ 834 ይጠጋል። የልዩነቱ ግማሽ፣ 28 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በየአቅጣጫው ይገፋል። ስፋቱም በ20 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። (የፍጥነት መቁጠሪያው 60 ሲል እርስዎ በ64 እየሄዱ መሆኑንም አይርሱ።) ቸርኬው (ጎማው የተገጠመበት ብረት) ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ጎማው ሲታጠፍ ሰፋ ያለ ቅስት ስለሚሠራ ፓራውርቲውን (የፊት መከላከያውን) ሊያገኘው ይችላል።

ቀጥሎ የሚነካውን ቦታ ይፈልጉ። ደልዳላ መሬት ይምረጡ፤ ደሴ ላይ ይህ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጎማውን የውስጥና የውጭ ትከሻ ጠመኔ ይቀቡ። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ያዙሩ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ ሰፊና የማይንከባለል ድንጋይ ላይ አውጥተው እንደገና ያዙሩ። ጠመኔው የተጠረገበትና ነጭ ምልክት ያረፈበት ቦታ መልስዎ ነው። ሌላ ሰው መሪ ሲያዞር እጅዎን ከጎማው አካባቢ ያርቁ። መኪናውን ማንሳት ካስፈለገም ክሪክን ብቻ አምነው ከሥሩ አይግቡ፤ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ያስደግፉ፣ ሻንሲውንም በጠንካራ መቆሚያ ያስይዙ።

መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ጎማው ሻንሲውን ወይም ባሌስትራውን የሚነካ ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። ሙሉ የፊት አክስል (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ባላቸው ላንድክሩዘሮች ላይ የመሪውን ዙር የሚገድብ ቡሎን አለ። ዳዶውን አላልተው ቡሎኑን አንድ ወይም ሁለት ዙር ያውጡት፣ መልሰው ያጥብቁ፣ በሌላውም ጎን እንዲሁ ያድርጉ። በጠባብ ቅያስ ለመዞር አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ይኸው ነው።

የነካው የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ወይም የጭቃ መከላከያው ከሆነ ቆርጦ ወይም ወደ ኋላ ስቦ ማሰር ይበቃል። ላሜራ ከሆነ ግን ከጀርባው ሽቦ አለመኖሩን አይተው ባትላሜራ ሠሪ ጠርዙን እንዲያስተኛው ያድርጉ። የተቀጠቀጠውን ወዲያው ቀለም ያስቀቡ፤ በደሴ ጉምና ዝናብ ዝገት ቀን አይሰጥም።

ከላይ በኩል የሚነካ ከሆነ መድኃኒቱ ያ ጥቁር ጎሚኒ ነው። በረዘመ ይተካ፤ ወይም በእሱና በመቀመጫው መካከል ወፍራም ብረት ገብቶ በቡሎን ይታሰር። ለመነሻ ጎማው ያደገበትን ያህል፣ በእኛ ምሳሌ 28 ሚሊ ሜትር፣ ጨምረው በጠመኔ ይፈትኑ። ጉድጓድ ላይ መኪናው ቀድሞ ስለሚቆም ትንሽ ይደርቅብዎታል። እኔ ግን ከተበላ ጎማ የደረቀ መኪና እመርጣለሁ።

አንድ ጎን ብቻ የሚነካስ? ሞላ ያለው መኪና ከሆነ፣ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘውን ዘንግ ይጠርጥሩ። መኪናው ከፍ ሲል ዘንጉ ስለሚያዘነብል አክስሉን ዘንጉ ከሻንሲው ጋር ወደታሰረበት ጎን ይጎትተዋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ አክስሉን ወደ መሐል ይመልሰዋል።

ከመሄድዎ በፊት ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩን ይዩ። አላይመንትም (የጎማዎቹን ማዕዘን) ያስለኩ፤ የእኔ መሪ ይዋልል የነበረው ከፍታው የፊት አክስሉን ማዕዘን ስለቀየረው ነበር።

በመጨረሻም ጎማውን እንደገና ጠመኔ ይቀቡና ሁልጊዜ የሚጭኑትን ያህል ጭነው ሐረጎን ቀስ ብለው ይውረዱ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቆመው ትከሻውን ይመልከቱ፤ ጠመኔው ተጠርጎ ከሆነ ወደ ጎሚኒው ይመለሱ፣ ካልሆነ ጉዞዎን ይቀጥሉ።