«ደበረኝ» ያለው ልጅ ምን ማለቱ ነው? የታዳጊዎችን የአእምሮ ጤና ስታጠኑ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ቡና ይዤ መቀመጥ አልችልም። አንዱ ረቂቁን ይዞ ይመጣል። ርዕሱን ሳልገልጠው አውቀዋለሁ፦ «በባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ የድባቴ (ዲፕሬሽን) ስርጭት»። ስህተቱም ይመሳሰላል። እኔም ሠርቼዋለሁና አልፈርድም።

1. መጠይቁን ተርጉሞ መገላገል

የከፋው ይሄ ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ ምልክት መለኪያ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። ቀላል ይመስላል። ለሙከራ ይዤው የገባሁ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ድብርት የሚለው ጥያቄ ላይ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለውን አከበበ። ደንግጬ ጠጋ አልኩና ጠየቅኩት። «ሒሳብ ክላስ በጣም ይደብራል» አለኝ።

በከተማ ልጅ አፍ «ደበረኝ» ሰለቸኝ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ይደብራል፤ ጓደኛም ይደብራል። በእውነት የጨነቀው ልጅ ደግሞ ቃሉን ጭራሽ ላያነሳው ይችላል። «ሆድ ይብሰኛል» ይላል። «ልቤን ያፍነኛል» ይላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ራሱን ወይም ጨጓራውን ነው የሚያመው። ስለዚህ አምስት ስድስት ልጆች ሰብስቡና እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ቀኑንም መዝግቡ። ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ እንቅልፍ የሚጠይቅ ወረቀት በዐቢይ ጾም መሀል ከበተናችሁ፣ ከጾመኛና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ካደረ ልጅ ምን ልትለኩ ነው? የፈተና ሰሞንም እንዲሁ።

2. ማጣሪያውን ምርመራ ማድረግ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ይሄ ቁጥር የማይጠቀስበት መግቢያ አላየሁም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ ካመጣ «ድባቴ አለበት» ተብሎ ይቆጠራል። መጠይቅ ወንፊት ነው፤ ገለባም ያሳልፋል።

በምሳሌ እንየው። ከ1,000 ተማሪዎች በእውነት የታመሙት 100 ናቸው እንበል። መጠይቁ ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፤ ጤነኞቹንም 80 በመቶ በትክክል ያልፋቸዋል። ጥሩ መሣሪያ ነው አይደል? ከታመሙት 80 ያዘ። ከ900 ጤነኞች ግን 180 አብሮ ያዘ። ወረቀታችሁ ላይ 26 በመቶ ተጻፈ፤ እውነቱ 10 በመቶ ነበር። ቢያንስ የተወሰኑትን ልጆች የአእምሮ ሐኪም ወይም የሠለጠነ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ያነጋግራቸው። ካልሆነም «የድባቴ ምልክት» በሉት።

ደግሞ የፒኤችኪው-9 የአማርኛ ትርጉም በትክክል ይለካ እንደሆነ ለማየት የተደረገው፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፍተሻ የተሠራው አዲስ አበባ ሆስፒታል በመጡ አዋቂዎች ላይ ነው። የ14 ዓመት የባሕር ዳር ቀበሌ 13 ልጅ ሌላ ነው።

3. አስተማሪውን ብቻ መጠየቅ

ኤስዲኪው የሚባለው የልጆችን ስሜትና ባሕርይ የሚመለከት ባለ 25 ጥያቄ መጠይቅ ለወላጅም፣ ለመምህርም፣ ከ11 ዓመት ጀምሮ ለልጁ ለራሱም ተዘጋጅቷል። ያለምክንያት አይደለም። መምህር የሚያየው ጠመኔ የሚወረውረውን ነው። መስኮት ሥር ዝም ብላ የምትቀመጠዋ ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ ታልፋለች። ጨዋነቷ ከምን እንደመጣ ማንም አይጠይቅም።

4. ትምህርት ቤት ያልገባውን መርሳት

ሐይቁ ዳር የሚዞረው ሊስትሮ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅ፣ የአብነት ተማሪው ስም መጥሪያ ላይ የሉም። ሁሉንም አካቱ አልልም፤ ገንዘቡ የለም። ግን ተማሪ ብቻ ጠይቃችሁ «የባሕር ዳር ታዳጊዎች» አትበሉ።

5. «ጫት ነው ያስጨነቀው» ብሎ መደምደም

አንድ ቀን በተሞላ ወረቀት የቱ እንደቀደመ አይታወቅም። ጨንቆት ቅሞ ሊሆን ይችላል። አለቀ።

6. ጠበሉን ከአማራጭ ማውጣት

«እርዳታ ያገኘኸው ከየት ነው?» ብላችሁ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ብቻ ከዘረዘራችሁ፣ እናቱ ጠበል የወሰደችው ልጅ «የትም አልሄድኩም» ይሆንላችኋል።

7. ዘጠነኛውን ጥያቄ ይዞ ወደ ቤት መሄድ

የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ልጁም ራሱ እሺ ማለት አለበት። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ተቀምጠው እየተያዩ ከሞሉ ደግሞ እሺ ማለቱም ትርጉም የለውም። በተለይ ዘጠነኛው ላይ፤ መሞትን ወይም ራስን መጉዳትን ስለማሰብ የሚጠይቀው እሱ ነው።

እኛ ወረቀቶቹን ሰብስበን የከፈትናቸው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። አንዱ ላይ የዘጠነኛው ጥያቄ የመጨረሻው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። ስም የለውም፤ ኮድ ብቻ። ኮዱን ከስም የሚያገናኝ ዝርዝር አልያዝንም፤ ምስጢር ጠበቅን ብለን ኮርተንበታል። በማግስቱ ተመልሰን ለክፍሉ በሙሉ ተናገርን፣ ለብቻ ማናገር የሚፈልግ ካለ ብለን እስከ ምሳ ሰዓት በረንዳ ላይ ቆየን። የመጣ የለም።

አሁን ዝርዝሩ አንድ ሰው ጋ ተቆልፎ ይቀመጣል። ዘጠነኛው ጥያቄ ልጆቹ ከክፍል ሳይወጡ ይነበባል። ልጁን የሚቀበል ባለሙያም በስልክ ሳይሆን በአካል፣ በዚያው ቀን እዚያው ይገኛል።