የምድር፣ የባሕርና የአየር ኃይል ከፍተኛ ማዕረጎችን እንዴት ማመሳከር እንደሚቻል

አንድ የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ሲመለስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ካፕቴን» «ሻምበል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ትልቅ የጦር መርከብ የሚያዝ መኮንን በአንድ ቃል ሦስት ማዕረግ ዝቅ ብሏል፤ የባሕር ኃይል ካፕቴን የምድር ጦሩ ኮሎኔል እኩያ ነውና። ስሕተቱ የሚመጣው ማዕረግን በስሙ ከመተርጎም ስለሆነ፣ የሚከተለው አካሄድ መኮንኑ በማዕረግ መሰላሉ ላይ ያለበትን ቦታ ያስቀድማል።

1. አገሩንና ኃይሉን ይለዩ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የምድር ጦሩን የማዕረግ ስሞች ስለሚጠቀም፣ ሌተና ጄኔራል ይልማ መርዳሳን ከእግረኛው ሌተና ጄኔራል ጋር ለማመሳከር ምንም ስሌት አያስፈልግም። የአሜሪካ አየር ኃይልም እንዲሁ ነው፤ ማሪን ኮርም በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሥር ቢሆንም ማዕረጉ የምድር ጦር ዓይነት ነው። በእስራኤል ሁሉም ኃይሎች በአንድ የማዕረግ ስም ስለሚጠሩ የባሕር ኃይሉም አዛዥ እንደ ምድር ጦሩ ጄኔራሎች «አሉፍ» ይባላል። በብሪታንያ ግን ሦስቱም ኃይሎች የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ጥንቃቄውም በዋናነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

2. ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል ያሉትን ሦስት እርከኖች መነሻ ያድርጉ። በእኛ አጠራር ከሻምበል በታች ያሉት ራሱን ሻምበልን ጨምሮ መስመራዊ መኮንኖች፣ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ከፍተኛ መኮንኖች ናቸው። በባሕር ኃይል ሻለቃን የሚስተካከለው ሌተናንት ኮማንደር፣ ሌተና ኮሎኔልን ኮማንደር፣ ኮሎኔልን ካፕቴን ነው። በብሪታንያ አየር ኃይል ደግሞ በቅደም ተከተል ስኳድሮን ሊደር፣ ዊንግ ኮማንደርና ግሩፕ ካፕቴን ይባላሉ።

ልዩነቱ ከሥራው የመነጨ ነው። ሻለቃ «የሺህ አለቃ» ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ የምድር ጦር ማዕረግ መሠረቱ የሚመራው ሰው ብዛት ነው፤ በባሕር ላይ ግን መለኪያው መርከቡ ስለነበር ካፕቴን የሚለው ስም ለመርከብ አዛዥ ተሰጥቶ ከፍ ብሎ ቀረ።

3. የቁጥር መለያውን ይፈልጉ። ኔቶ ሻለቃን ኦኤፍ-3፣ ኮሎኔልን ኦኤፍ-5 ሲል፣ የአሜሪካ የደመወዝ እርከን እነዚያኑ ኦ-4 እና ኦ-6 ይላቸዋል። ኔቶ ሁለቱን የመቶ አለቃ ማዕረጎች በአንድ ቁጥር ስለሚያጠቃልል አንድ እርከን ይለያያሉና ሁለቱን ቁጥሮች አያደባልቁ።

4. ወደ ጄኔራሎችና አድሚራሎች ሲደርሱ ኮከቡን ይቁጠሩ። ሻለቃ (ሜጀር) ከመቶ አለቃ (ሌተና) ይበልጣል፤ ሌተና ጄኔራል ግን ከሜጀር ጄኔራል ይበልጣል። ሌተና ማለት ምክትል በመሆኑ ሌተና ጄኔራል የዋናው አዛዥ ምክትል ነበር፤ ሜጀር ጄኔራል ደግሞ በእንግሊዝ ቀድሞ «ሳጅን ሜጀር ጄኔራል» ከሚለው ስም አጥሮ የቀረ ነው። በአሜሪካ ባለ ሁለት ኮከብ ሪር አድሚራል ከሜጀር ጄኔራል፣ ቫይስ አድሚራል ከሌተና ጄኔራል፣ አድሚራል ከሙሉ ጄኔራል ጋር እኩል ነው። ሆኖም በአሜሪካ ባለ አንድ ኮከቡም ሪር አድሚራል ሲባል፣ በብሪታንያ የዚህ እኩያ ኮሞዶር ነው። ኮከብም ድንበር ሲሻገር ያታልላል፤ ሩሲያ ብርጋዴር ጄኔራል ስለሌላት የሩሲያ ሜጀር ጄኔራል አንድ ኮከብ ብቻ ያደርጋል።

«ማርሻል» የሚለው ቃልም ያሳስታል። የብሪታንያ ኤር ማርሻል የሌተና ጄኔራል እኩያ እንጂ፣ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ብርሃኑ ጁላ በ2014 ዓ.ም. የተሾሙበት ፊልድ ማርሻል አይደለም።

5. ፎቶግራፍ ካለ ምልክቱን ያስተያዩ። የአሜሪካ ኮሎኔልም የባሕር ኃይል ካፕቴንም የብር ንስር ያደርጋሉ። የወርቅ ቅጠል የሻለቃና የሌተናንት ኮማንደር፣ የብር ቅጠል የሌተና ኮሎኔልና የኮማንደር ምልክት ነው፤ ወርቁ ከብሩ በታች መሆኑን ልብ ይበሉ።

6. በአማርኛ ሲጽፉ የባሕር ኃይሉን ስም ሳይለውጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠቀሱበት ቦታ እኩያውን ያክሉ፦ «የመርከቡ አዛዥ፣ በምድር ጦር የኮሎኔል እኩያ የሆኑት የባሕር ኃይል ካፕቴን»።