የናፍጣ መኪናችሁ ሚኒሞ ከፍ ካለ ቶሎ አታጥፉት

ዲፒኤፍ (የጭስ ማውጫውን ጥላሸት የሚይዝ ፊልትሮ) ያለው የናፍጣ ኤስዩቪ የምትነዱ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከወትሮው ከፍ ካለና ቬንትሌተሩ በኃይል ከዞረ ወዲያው አታጥፉት። ጭስ ማውጫው ላይ ባለው ፊልትሮ የተጠራቀመውን ጥላሸት እያቃጠለ ሊሆን ይችላል። ቀለበት መንገድ ወጥታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳትቆሙ ንዱት። ጥላሸቱ የሚቃጠለው 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በትራፊክ እየተንፏቀቁ እዚያ መድረስ ይከብዳል። ደጋግማችሁ ካቋረጣችሁት ፊልትሮው ይደፈናል፣ ለማቃጠያ የተረጨው ትርፍ ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል (የዘይቱ ልክ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለ ይህንን ጠርጥሩ)። ውሏችሁ ከሰፈር ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤንዚን ይሻላችኋል።

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ከበራ ወይም መኪናው ጉልበት ካጣ ይህን አትሞክሩ፤ ጋራዥ ውሰዱት።