በዝነኞች ላይ በፎቶ ሲያሾፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዝነኛ ሰው ላይ በፎቶ ማሾፍ ቀላል ይመስላል። አስቂኝ ፊት፣ ትንሽ ፎቶሾፕ፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ፎቶ ግን አንድ ቀን አስቆ ይረሳል። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መልክ ላይ ማሾፍ። ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። አፍንጫ ማግዘፍና ውፍረት ማጋነን ስድብ እንጂ ስላቅ አይደለም። ሰውዬው አፍንጫውን አልመረጠም። የመረጠው ለሕዝብ የሚያሳየውን ገጽታ ነው፤ መነካት ያለበትም እሱ ነው። ፎቶግራፈሩ ፊሊፕ ሃልስማን በ1950ዎቹ ዝነኞችን አንስቶ ሲጨርስ “እስቲ ዝለሉልኝ” ይላቸው ነበር። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሪቻርድ ኒክሰንም፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ንጉሥ የዊንዘሩ መስፍንና ባለቤቱም ዘለሉ። ሃልስማን እንደሚለው፣ የሚዘል ሰው ሐሳቡ ዝላዩ ላይ ስለሚሆን ጭምብሉ ይወልቃል። ማንም አልተሰደበም፤ ኩራቱ ግን አየር ላይ ቀረ።

ሁሉን ለፎቶሾፕ መተው። ብርሃን ብቻውን ይበቃል። ፎቶግራፈሩ አርኖልድ ኒውማን በ1963 ጀርመናዊውን ከበርቴ አልፍሪድ ክሩፕን ፋብሪካው ውስጥ አነሳው። ክሩፕ በናዚ ዘመን ሰዎችን እንደ ባሪያ በማሠራት የተፈረደበት ነው፤ ኒውማን ደግሞ አይሁዳዊ። መብራቱን ከግራና ከቀኝ ለቀቀበትና ወደ ፊት ጎንበስ እንዲል ጠየቀው። የወጣው ምስል ሰይጣን ራሱ ነው። አያስቅም፣ ግን ከዚህ የባሰ ስላቅ አላውቅም።

ዘዴውን እስከ መጨረሻው መደበቅ። እንግሊዛዊቷ ፎቶግራፈር አሊሰን ጃክሰን ዝነኞችን ቁርጥ የሚመስሉ ሰዎች ፈልጋ፣ ጓዳቸው ውስጥ ሳያውቁ የተነሱ አስመስላ ታቀርባቸዋለች። ምስሉ ደብዘዝ፣ ጠመም ያለ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ ያምናል። ቀጥሎ “ቆይ፣ ምን ነካኝ?” ይላል። ጥበቡ ያለው እዚያች ሁለተኛ ሰከንድ ላይ ነው። እሷን ካጠፏት የሚቀረው የሐሰት ወሬ ነው፤ እሱ ደግሞ በኤአይ ዘመን ሞልቷል።

የሌላ ሰው ፎቶ ወስዶ “ቀልድ ነው” ማለት። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት፣ ፎቶግራፈሯ አኒ ሊቦቪትዝ በ1991 ያነሳችውን የነፍሰ ጡሯን ተዋናይ ዴሚ ሙር ፎቶ አስመስሎ፣ ፊቱን በኮሜዲ ተዋናዩ በሌስሊ ኒልሰን ፊት ተካው። ሊቦቪትዝ ከሰሰች፤ በ1998 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለፓራማውንት ፈረደ። ቀልዱ ያነጣጠረው በራሱ በፎቶው ኮስታራነት ላይ ነበርና። ደግሞም ፓራማውንት የእሷን ፎቶ ቆርጦ አልለጠፈም፤ ነፍሰ ጡር ሞዴል ቀጥሮ እንደ አዲስ አነሳ። በ2023 ግን ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ከሊን ጎልድስሚዝ ፎቶ በሠራው የዘፋኙ የፕሪንስ ምስል ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፎቶግራፈሯ ፈርዷል። ስለዚህ ካሜራ ካለዎት ራስዎ ያንሱ።