አዲስ አኳሪየም ውስጥ ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ
አኳሪየም (የዓሣ ማቆያ የመስታወት ገንዳ) በገዛችሁበት ቀን ዓሣ አትጨምሩበት፣ አደራ። ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ ለዓሣ ተስማሚ ሆኗል ማለት አይደለም። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ ይህ ለዓሣ መርዝ ነው። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ በደንብ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ፊልተሩን ሳታጠፉ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ውሃው ውስጥ ጣሉ፤ ባክቴሪያዎቹ የሚያድጉት ከዚያ በሚወጣው አሞኒያ ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ባልዲ ውስጥ ሳትከድኑ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አቆዩት። እዚህ ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ደጃችን ነው ብላችሁ ግን ከሐይቁ አትቅዱ፤ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የፊልተሩን ስፖንጅም ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ብቻ አለቅልቁት። የቧንቧው ክሎሪን የደከማችሁበትን ባክቴሪያ ይገድለዋል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ ዓሣ አታጨናንቁ። መብራት ሲጠፋ ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ አየር ያስገባል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የሰለቻችሁን ዓሣ ጣና ውስጥ እንዳትለቁ። ሐይቁ ሌላ የትም የማይገኙ የራሱ ዓሣዎች አሉት።